ከቦስተንና ከኦስሎ እስከ ከሚሴ፦ ስለ ኮምፒዩተርና ሥራ የተጻፉ ጥናቶች በወረዳ ጽሕፈት ቤት

«የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው መጠሪያ በአገሪቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሮች ላይ ለዓመታት ተለጥፎ መኖሩ ይታወሳል። መጠሪያውን የፌዴራል ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም ሆኑ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርዕሰ ከተማ በሆነችው ከሚሴ የሚያገለግሉ ባለሙያዎች እኩል ያውቁታል። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙም አያጋጥምም። ቃሉ ከሲቪል ሰርቪስ አዋጅ የፈለቀ አይደለም። መነሻው ከሠላሳ ዓመታት በፊት በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማና በአካባቢዋ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ቢሮ ሥራ የተጀመረ የምሁራን ክርክር ነው።

የአንድ ጥናት ተጽዕኖ በምሁራን ዘንድ የሚለካው በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በመቁጠር መሆኑ ይታወቃል። ይህ መለኪያ ግን የማይደርስበት ሌላ ተጽዕኖ አለ። ጥናቱን ያላነበበ፣ የደራሲውንም ስም ሰምቶ የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛ ማልዶ ቢሮው ሲገባ የሚሞላው ቅጽ፣ ለአንድ ተገልጋይ የተመደበለት ደቂቃ፣ በወሩ መጨረሻ የሚልከው የሪፖርት ዓይነት ሁሉ ሩቅ አገር በተጻፈ ጥናት የተወሰነ ሊሆን ይችላል። አገሪቱ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም የጸደቀውን የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ዘመን አጠናቃ የመንግሥት አገልግሎቶችን በስፋት ወደ ኮምፒዩተር በማስገባት ላይ በምትገኝበት በአሁኑ ወቅት፣ የትኛው ሐሳብ በየትኛው በር ወደ ጽሕፈት ቤት እንደገባ መመርመር ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጅረት የሚነሳው ከፕሮፌሰር ማይክል ሐመር ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የነበሩት ሐመር እ.ኤ.አ በ1990 በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኩባንያዎች አሮጌውን አሠራር እንዳለ ይዘው በኮምፒዩተር ለማፋጠን መድከማቸው ከንቱ መሆኑን፣ ይልቁንም አሮጌውን አፍርሰው ሥራውን ከባዶ መንደፍ እንደሚገባቸው ሞግተዋል። ከዋነኞቹ ማስረጃዎቻቸው አንዱ የፎርድ የመኪና ኩባንያ የክፍያ ክፍል ነበር። ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ሒሳብ ለመክፈል ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኞች ሲያሰማራ፣ ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰዎች ያከናውን ነበር። ፎርድ የግዥ ትዕዛዝን፣ የዕቃ መረከቢያንና የሻጩን ደረሰኝ እየደረደሩ ማመሳከር የሚባለውን ሥራ ራሱን አስቀረ። ዕቃው መግባቱ በኮምፒዩተር ሲረጋገጥ ክፍያው እንዲፈጸም በማድረግም የክፍሉን የሰው ኃይል በ75 በመቶ ለመቀነስ ቻለ። ሐመር ከጄምስ ቻምፒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ አዳረሰው።

በኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ወይም በተለምዶ «ቢ.ፒ.አር» የሚል ስም ይዞ በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራሙ በኩል ገባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሮ በአሥርቱ ማብቂያ ላይ እስከ ወረዳ ወርዷል። «ዋና የሥራ ሂደት»፣ «ደጋፊ የሥራ ሂደት»፣ «የጊዜ ስታንዳርድ» የሚሉት ቃላት የቢሮ አማርኛ አካል የሆኑት በዚያን ጊዜ ነው። ለውጡ ያስገኘው ጥቅም መካድ የለበትም። ተገልጋይን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ የነበሩ ፊርማዎችና ማኅተሞች በብዙ ቦታ ተቀንሰዋል፣ ቀናት ይወስዱ የነበሩ ጉዳዮችም በሰዓታት የሚያልቁበት ሁኔታ ተፈጥሯል።

ይሁን እንጂ የሐመር መነሻ ኮምፒዩተር እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የፎርድ ሠራተኞች ደረሰኝ ማመሳከራቸውን ያቆሙት መረጃው ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ስለገባ ነበር። ወደ ወረዳ የወረደው ግን ያለ ቋቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ሳይደርስ ሂደቱ ቀድሞ ደረሰ። ስለሆነም በወረቀት መዝገብ የሚሠራ ባለሙያ በኮምፒዩተር ለሚሠራ ሰው የታሰበ የደቂቃ ስታንዳርድ ተቀምጦለት የሚለካበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም።

በአሜሪካም ቢሆን ሐሳቡ ተችዎች ነበሩት። የሥራ ሂደትንና ኮምፒዩተርን አስተሳስረው በመጻፍ ከሐመር እኩል የሚጠቀሱት ቶማስ ዳቬንፖርት እ.ኤ.አ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ እንቅስቃሴው ሰውን የዘነጋ የወቅት ፋሽን ሆኗል ሲሉ ነቅፈዋል። ሐመር ራሳቸውም ቆየት ብለው በምሕንድስና አስተዳደጋቸው ምክንያት ለሰው ልጅ ጉዳይ በቂ ትኩረት አለመስጠታቸውን በጋዜጣ ቃለ ምልልስ አምነዋል። ይህ እርማት ግን ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር አብሮ አልተጓዘም። ሐመር በነሐሴ ወር 2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ከዚህ ዓለም ሲለዩ በኢትዮጵያ ወረዳዎች የእርሳቸው ሐሳብ ገና በሥልጠና አዳራሾች እየተሰጠ ነበር።

ሁለተኛው ጅረት ከወደ ሰሜን አውሮፓ የመጣ ሲሆን፣ መነሻውም ከመጀመሪያው እጅግ የተለየ ነው። ኖርዌያዊው ክሪስተን ኒጎርድ ከባልደረባቸው ጋር ሲሙላ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ በመፍጠራቸው በሙያው ዓለም ከፍተኛ ክብር የተሰጣቸው ሳይንቲስት ነበሩ። እርሳቸው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአገራቸው የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር በመሥራት ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ ሠራተኛው በሥርዓቱ አነዳደፍ ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚል የምርምር ፈለግ ከፈቱ። ማሽኑን የሚጠቀምበት ሰው ስለ ሥራው የሚያውቀው ነገር ከመሐንዲሱ ዕውቀት እኩል ተቆጥሮ ዲዛይኑ ውስጥ ይግባ የሚለው ይህ አስተሳሰብ ከፋብሪካ አልፎ ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ ተሻግሯል።

የተሻገረው በደቡብ አፍሪካ በኩል ነበር። የአፓርታይድ ሥርዓት ባከተመበት እ.ኤ.አ በ1994 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ዮርን ብራና የደቡብ አፍሪካ አጋሮቻቸው የጤና መረጃ ሥርዓቶች ፕሮግራምን፣ በምሕጻሩ «ሂስፕ» የተባለውን፣ ጀመሩ። ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዚሁ ትብብር የዶክትሬት ትምህርታቸውን በኦስሎ ተከታትለዋል። ጥናቶቻቸውን ያካሄዱት በአገር ቤት ጤና ጣቢያዎችና ጽሕፈት ቤቶች ነው። መዝገብ የሚሞሉ ነርሶችን፣ ወርኃዊ ሪፖርት የሚደምሩ የወረዳ ባለሙያዎችን፣ ደምረው የላኩት አኃዝ ተመልሶ ለእነርሱ ምን እንደሚፈይድ የሚጠይቁ ሰዎችን አነጋግረዋል። ከዚህ ሥራ የተገኘው ግንዛቤ በመስኩ ቀዳሚ ከሚባሉት መጽሔቶች አንዱ በሆነው ኤም.አይ.ኤስ ኳርተርሊ ላይ እ.ኤ.አ በ2007 ለወጣ ጽሑፍ ግብዓት ሆኗል። ጽሑፉ የደቡብ አፍሪካንና የኢትዮጵያን ልምድ መሠረት በማድረግ፣ በአዳጊ አገሮች የጤና መረጃ መለኪያዎች ጥቂትና የጋራ ሆነው በየደረጃው ላለው ፍላጎት ደግሞ ቦታ የሚተዉ ተለዋዋጭ ሊሆኑ ይገባል ሲል ይሞግታል። በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የመስኩ ተማሪዎች ዘንድም ተደጋግሞ የሚጠቀስ ሥራ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት። በዚያው ወቅት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ማዕቀፍ የጤና መረጃ ሥርዓቱን ከሥሩ እየከለሰ፣ የተንዛዙ ሪፖርቶችን አስወግዶ በ108 አመልካቾች የተወሰነ አንድ ወጥ አገራዊ ሥርዓት እየነደፈ ነበር። ዓላማው ከኦስሎዎቹ ጋር የሚቀራረብ ቢሆንም መንገዱ የሐመር መንገድ ነበር። በሂስፕ በኩል በሙከራ ላይ የቆየው ሶፍትዌር ወደ ጎን ተተወ። ከአሥር ዓመታት ገደማ በኋላ ግን፣ በ2010 ዓ.ም፣ የዚያው ሶፍትዌር ተተኪ የሆነውና «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2» የተባለው ሥርዓት አገራዊ የጤና መረጃ መሠረት ሆኖ ተመልሷል። በመካከሉ የባከነውን ጊዜ ለአንድ ወገን ስህተት ሰጥቶ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የሙከራው ልምድ በእንግሊዝኛ በመጽሔቶች ታትሞ ሳለ በአገር ውስጥ ለውሳኔ በሚያመች መልክ ተተርጉሞና ተጠቃልሎ በውሳኔ ሰጪዎች ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ኖሮ የክርክሩ መልክ ይለወጥ እንደነበር መገመት ይቻላል።

በፋይናንሱ ዘርፍ የሆነው ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ፒተርሰን እ.ኤ.አ በ1998 ባሳተሙት ጥናት በአፍሪካ ቢሮክራሲዎች የኮምፒዩተር ማሻሻያዎች ስለምን እንደሚከሽፉ መርምረዋል። ያለውን አሠራር አውቆ፣ ደረጃ በደረጃ አሻሽሎ፣ ኮምፒዩተሩን በዚያ ላይ ማስቀመጥ አሠራሩን አፍርሶ እንደገና ከመሥራት የተሻለ ውጤት አለው የሚለው አቋማቸው የሐመር ተቃራኒ ነው። ልዩነቱ ፒተርሰን የጻፉትን የመተግበር ዕድል በዚህችው አገር ማግኘታቸው ነው። እርሳቸው የመሩትና እስከ 2000 ዓ.ም የዘለቀው ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት የበጀትና የሒሳብ አሠራሩን ከፌዴራል እስከ ወረዳ አሻሽሏል። የሒሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያ አዲሱን የሁለትዮሽ አመዘጋገብ በወረቀት ላይ ተማረ። «አይቤክስ» የተባለው ሶፍትዌር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበርካታ ጽሕፈት ቤቶችን ሒሳብ በአንድ ላይ የሚሠራውን የወረዳ ፋይናንስ «ፑል» የሚያውቅ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደመወዙ ያለፈበትን መንገድ የቀየሰው ይህ የምርምር ሐሳብ መሆኑን ቢረዳ አይገርምም። አይቤክስ በዓለም ገበያ ካሉት ግዙፍ የፋይናንስ ሶፍትዌሮች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበትና መስመር በሌለበት ወረዳ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች በስተጀርባ ደግሞ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ የቆየ ምልከታ አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሉሲ ሰችማን እ.ኤ.አ በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲጠቀሙ የሆነውን በዝርዝር መርምረዋል። ማሽኑ እያንዳንዱን እርምጃ የሚያስረዳ መመሪያ ነበረው። በቪዲዮ ከተቀረጹት ተጠቃሚዎች መካከል ስመ ጥር የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁራን ይገኙበታል፤ ሆኖም ማሽኑ አስቸግሯቸዋል። የሰችማን ድምዳሜ በዕቅድ የተጻፈው ሥራና በተጨባጭ የሚሠራው ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሠራተኛው በየዕለቱ በራሱ ብልሃት ይሞላዋል። ይህ የክፍተት ሥራ በቅጽ ላይ አይጻፍም፣ በስታንዳርድም አይለካም። ሥራው እንዲህ ስውር ከሚሆንባቸው ስፍራዎች አንዱ ከሚሴ ነው።

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ የምታስተዳድረው ዞን በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 457 ሺህ 278 ሕዝብ ነበረው። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ ወረዳዎቹ ናቸው። በ1994 ዓ.ም በተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤትና አስተዳደር ያለው ዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። በዚህም የተነሳ ከባሕር ዳር የሚመጣ መመሪያ በአማርኛ ይደርሳል፣ ለነዋሪው የሚነገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ሪፖርቱም ተመልሶ በአማርኛ ይላካል። በጤናው ዘርፍ ብዙዎቹ የአመልካች ስሞችና ምሕጻሮች በእንግሊዝኛ መሆናቸው ሲታከልበት አንዱ ባለሙያ በአንድ ቀን ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል ያቀያይራል ማለት ነው።

ነገሩ ለውጭ ተመልካች ተራ ይመስል ይሆናል። በኮምፒዩተር ላይ ግን ተራ አይደለም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ማንኛውም የእንግሊዝኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይበቃዋል። አማርኛ ግን ልዩ ሶፍትዌር ይጠይቃል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለያ የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተጻፉ ሰነዶች በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፊደላት የተዘጋጁ በመሆናቸው ወደ አዳዲስ ሥርዓቶች ሲገለበጡ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የተጻፈን የስም ዝርዝር እንደገና መተየብ የግድ ይሆናል።

የቦታ ስሞች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። በአማርኛ «ጨፋ» የሚባለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በላቲኑ «ሲ» ፊደል ይጀምራል። የአፋን ኦሮሞን አጻጻፍ ያልተማረና ዓይኑ እንግሊዝኛ የለመደ የመረጃ ሠራተኛ «ካፌ» ብሎ ቢያነበው ሊፈረድበት አይችልም። «ጥሙጋ» ተብሎ በአማርኛ የሚጻፈው ስምም በአፋን ኦሮሞ «ዹሙጋ» ተብሎ የሚጠራ በመሆኑ በቁቤ ሲጻፍ «ጥ»ን የሚወክል ፊደል አይገኝበትም። ኮምፒዩተር ሁለቱን አጻጻፎች እንደ ሁለት ወረዳ ይቆጥራል። የሰው ስም ሲሆን ደግሞ አንዲት እናት በአንዱ መዝገብ አንድ ሰው፣ በሌላው ሌላ ሰው ሆና ልትገኝ ትችላለች። አማርኛ የፊደልን መጥበቅና መላላት በጽሑፍ የማያሳይ ሲሆን ቁቤ ግን ስለሚያሳይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ዝውውር በሕግ የተወሰነ አይደለም፣ በጻፊው ጆሮ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው የአገሩ ሰው የሆነው የመዝገብ ሠራተኛ ብቻ ነው። እርሱም ያስተካክላል፣ ይመሳከራል፣ ስልክ ይደውላል። ይህ ሰችማን የክፍተት ሥራ እንደሆነ ያስተዋሉት ነገር ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጉዳዩን በይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በየቀበሌው በአብዛኛው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን የመደበ ሲሆን፣ በመነሻው 16 የጤና ፓኬጆችን አቅፎ ነበር። ለየቤተሰቡ የሚከፈተው የቤተሰብ ማህደርም የሥራው እምብርት ሆኗል። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ማህደሩን በታብሌት የሚተካ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ወደ ቀበሌዎች እየወረደ ይገኛል። ችግሩ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወዲያውኑ አለመሄዱ ነው። ታብሌቱ ይሙላ፣ መዝገቡም ይሙላ ሲባል የአንዲት ነፍሰ ጡር እናት ጉብኝት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በዓለም ላይ ስለ ጤና ሠራተኞችና ዲጂታል መሣሪያዎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር ይህ ድርብ አመዘጋገብ ነው። በከሚሴ ዓይነቱ ዞን ደግሞ ድርቡ በቋንቋ ተባዝቶ ይመጣል።

የጨፋን ሜዳ ጉዳይም ማንሳት ይቻላል። በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው ይህ ረግረጋማ የግጦሽ መሬት በበጋ ወራት ከአፋር ክልል ጭምር ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ አርብቶ አደሮችን ያስተናግዳል። የቤተሰብ ማህደር የታሰበው በአንድ ቀበሌ በአንድ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ነው። ከሜዳው ላይ ለክትባት የመጣ ሕፃን የትኛው ቀበሌ ቁጥር ነው? በክልል ደረጃ ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። በጤና ኬላ ግን የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ወይም ከሚገባው በታች ሆኖ ሲገኝ የምትጠየቀው ባለሙያዋ ናት።

ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ መተው መፍትሔ ነው እንዳይባል ደግሞ ያለፉት ዓመታት ሁኔታ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ በደረሰበት ወቅት በአማራ ክልል በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የወረቀት መዝገብ ብቻ የነበረው ተቋም ሲወድም ታሪኩ አብሮት ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ሁልጊዜ መስመር ላይ መሆንን የሚጠይቅ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ሥራው ይቆም ነበር። የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓቱ መረጃን በመሣሪያው ላይ አስቀምጦ መስመር ሲገኝ እንዲልክ ተደርጎ መሠራቱ ከምርምር የተገኘ ትምህርት ፍሬ ነው። በዚህ ረገድ ጥናቱ በእርግጥ ጤና ኬላው ድረስ ደርሷል ማለት ይቻላል።

የወረዳኔትም ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳተላይት አማካይነት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት የተዘረጋውን ይህን መረብ ኢጂኒዮ ጋሊያርዶኔ የተባሉ ተመራማሪ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመው መጽሐፋቸው አቅርበዋል። መጽሐፉ መረቡ ከሁሉም በላይ የማዕከላዊውን መንግሥት መልእክት ወደ ታች ለማድረስ ማገልገሉን ያሳያል። በወረዳ አዳራሽ ተቀምጦ በስክሪን ስብሰባ የተከታተለ ሹም ይህን ለመረዳት መጽሐፉን ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል። ቴክኖሎጂው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የመናገር አቅም ነበረው፤ አቅጣጫውን የወሰነው የአሠራር ልማድ ነው።

የእንግሊዙ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሪቻርድ ሂክስ እ.ኤ.አ በ2003 ባወጡት ግምት በአዳጊ አገሮች ከሚጀመሩ የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ፕሮጀክቶች 35 በመቶው ሙሉ በሙሉ፣ 50 በመቶው ደግሞ በከፊል የሚከሽፉ ሲሆን፣ የተሳካላቸው 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ግምቱ አሁን ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ቁጥሩም ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላል። የሰጡት ምክንያት ግን አላረጀም። ዲዛይኑ በታሰበበት ቢሮና ሥርዓቱ በሚተከልበት ቢሮ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ውድቀቱ ይቀርባል የሚል ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የተነደፈ ቅጽ ከከሚሴ ያለው ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም።

ከላይ ለመጥቀስ እንደተሞከረው ከኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የተሰበሰበ ዕውቀት በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትሟል፣ ብዙ ጊዜም ተጠቅሷል። ተመራማሪዎች ማዕረግ አግኝተውበታል፣ ንድፈ ሐሳብም ተገንብቶበታል። ሆኖም መጠይቁን የሞላችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የተጠናው የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ ውጤቱን በሚያነበው ቋንቋ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ብዙዎቹ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አንዳንዶቹንም ለማንበብ ክፍያ ይጠየቃል። ለጥናቱ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው ጽሕፈት ቤት ራሱ ቅጂው ሳይመለስለት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከከሚሴ ብዙም በማይርቁት በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ የዞን መምሪያዎችም ከጥናት ፈቃዱ ጋር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ እንዲመለስ ቢጠይቁ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በመጪዎቹ ዓመታት የሚገባው ሥርዓት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም ጸድቆ የፋይዳ ምዝገባ በመካሄድ ላይ ነው። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ወደ ክልሎች በመስፋፋት ላይ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ደግሞ አፋን ኦሮሞን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ለማድረግ አቅጣጫ አስቀምጧል። አንድ የከሚሴ ነዋሪ ስም በፋይዳ፣ በጤና መዝገብ፣ በቀበሌ መታወቂያና በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ ከእንግዲህ የአገልግሎት ማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ሊሆን ነው። እስካሁን ልዩነቱን የሚያስታርቀው ነዋሪውን በፊቱ የሚያውቀው የመዝገብ ሠራተኛ ነበር። በስክሪን ላይ ሁለት ስሞች አልገጠሙም ብሎ ለሚመልስ ሥርዓት ግን ይህ ዕውቀት የለውም፣ ካልተሰጠው በስተቀር።

ይህን ዕውቀት ለሥርዓቱ መስጠት ሥራ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ለአንድ ተገልጋይ ይህን ያህል ደቂቃ የሚለው ስታንዳርድ ሲወጣ ለትርጉም፣ ለስም ማመሳከርና ለድርብ ምዝገባ የሚውለው ጊዜ በየትኛውም ዓምድ ላይ አልተቀመጠም። በዞኑ የሚገኙ መምሪያዎች በአንድ ወር ውስጥ ስንት ስም እንዳስተካከሉ፣ ስንት ሪፖርት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እንደመለሱ መዝግበው ለክልሉ ቢያቀርቡ፣ የሚቀጥለውን ሥርዓት የሚነድፉ ባለሙያዎች ከቦስተንም ሆነ ከኦስሎ መጽሔት ሊያገኙት የማይችሉት መረጃ በእጃቸው ይገባል። የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያለው የወርኃዊ ሪፖርት ቅጽ ሲሆን፣ እርሱም ለጊዜው በወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል።